እጄ እየደነዘዘ ነው፣ መሪውን ልቀይረው?

በዚህ ወር የመጡትን ጥያቄዎች ሳነብ ስለ ጎማም ስለ ማርሽም የጠየቀው ጥቂት ሰው ነው፣ አብዛኛው የጻፈው ስለ እጁ ነው። እጄ ደነዘዘ፣ ትከሻዬን አመመኝ፣ መሪው ራቀኝ። ስለዚህ ይሄን ዕትም ለኮርስ ሳይክል መሪ ብቻ ሰጥቼዋለሁ፣ ሌሎቻችሁ ለሚቀጥለው ታገሱኝ። ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በቅርብ የማውቃቸው ሰዎች በዚህ ምክንያት የሚወዱትን ሳይክል ሸጠው ተቀምጠዋል፣ በአንድ ቁልፍና በግማሽ ሰዓት ስራ ሊስተካከል ይችል የነበረ ነገር ስለሆነ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነህ፣ ዓምድህን ሁሌ ነው የማነበው። 34 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ሲኤምሲ አካባቢ እኖራለሁ። ከአምስት ወር በፊት ከውጭ የመጣ ያገለገለ ኮርስ ሳይክል ገዛሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከልጆች ጋር ወይ በድሮው የቢሾፍቱ መንገድ እንሄዳለን ወይ እንጦጦ እንወጣለን። ሳይክሉን በጣም ነው የወደድኩት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ስነዳ የሁለቱም እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛል፣ እስከ ማታ የሚቆይበት ጊዜም አለ፣ አንገቴንም ይይዘኛል። ቁመቴ 1.70 ነው፣ መሪው ላይ 44 የሚል ተጽፎበታል። አንድ ጓደኛዬ ይሄን ቆልማማ መሪ አውጥተህ የማውንቴን ቀጥ ያለ መሪ ግጠምበትና ተገላገል አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ካርቦን መሪ ግዛ ይለኛል። የካርቦኑ ዋጋ ሳይክሉን የገዛሁበትን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንህ፣ ለጊዜው ምንም እንዳትገዛ። ገንዘብህን ያዝና ሁለት ሦስት ቅዳሜ ብቻ ስጠኝ።

የደነዘዙት የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ለይተህ ስለጻፍክልኝ ግማሹን ስራ ሰርተህልኛል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት (የቀለበት ጣት ወደ ትንሿ ያለው ጎኑ በተለይ) ስሜታቸውን የሚያገኙት አልናር ከሚባለው ነርቭ ነው፣ ክርንህን የበር ጠርዝ ሲመታህ እስከ ጣትህ ጫፍ ድረስ የሚነዝርህ እሱ ራሱ ነው። ይሄ ነርቭ ወደ እጅ የሚገባው በመዳፍህ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል ካለው ወፈር ያለ ስጋ ስር ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ አንተ ደግሞ ክብደትህን ልክ እዛች ቦታ ላይ ጥለህ በየጉድጓዱ ስትነጥር አንድ ሰዓት ሙሉ እየቀጠቀጥከው ነው ማለት ነው። የደነዘዘህ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነርቭ ነበር የምጠረጥረው፣ እሱ ብዙ ጊዜ የሚቆጣው የእጅ አንጓ ታጥፎ ብዙ ሲቆይ ነው። ልብ በል ግን፣ መደንዘዙ ሳትነዳም ለቀናት ከቆየ ወይ ቁልፍ ማዞርና ሸሚዝ መቆለፍ ካስቸገረህ ያኔ ጉዳዩ የመሪ አይደለም፣ ሳይክሉን አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ነርቭ ቀልድ አያውቅም።

አሁን የሚጠየቀው ክብደትህ ለምን እጅህ ላይ ወደቀ የሚለው ነው። የሚያምህ መሪውን የያዘው እጅህ ስለሆነ ጥፋተኛው መሪው ይመስላል፣ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሳይክል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ኮርቻውን ነው። ሳይክሉን ደልዳላ ወለል ላይ አቁምና ኮርቻው ላይ ረዘም ያለ ደብተር ወይ ጣውላ አጋድመህ የውሃ ልክ አስቀምጥበት፣ ስልክህ ላይ ያለውም ይበቃል። የኮርቻው አፍንጫ ወደታች ካዘነበለ አንተ ሳታውቀው ሰውነትህ ወደ ፊት ሲንሸራተት ይውላል፣ እጅህ ደግሞ ወደ ኋላ ሲገፋህ ይውላል። ቀጥሎ ኮርቻው ወደ ፊት ተገፍቶ እንደሆነ እይ፣ ብዙ ሰው መሪው ሲርቀው ኮርቻውን ወደ መሪው ያስጠጋዋል፣ ሲታሰብ ልክ ይመስላል ውጤቱ ግን ግልብጥ ነው፣ መቀመጫህ ወደ ፊት በመጣ ቁጥር ክብደትህ ከእግርህ ላይ እየተነሳ ወደ እጅህ ይሄዳል። መሞከሪያ ልስጥህ፣ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ጠንከር አድርገህ እየነዳህ ሁለቱንም እጅህን ከመሪው አንድ ሁለት ሳንቲ ብቻ ከፍ አድርግ፣ ወዲያው መልሰህ ለመያዝ ተዘጋጅተህ። ደረትህ ባለበት ከቆየ ደህና ነህ። ድፍት የምትል ከሆነ ግን የፈለግከውን መሪ ብትገዛ እጅህ አያርፍም፣ ኮርቻውን አምስት አምስት ሚሊሜትር ወደ ኋላ እየመለስክ ሞክረው።

ያገለገለ ሳይክል የገዛ ሰው ሁሉ እንዲያስብልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የሌላ ሰው ሳይክል የሌላ ሰው ጫማ ማለት ነው። ያ ሰው ክንዱ ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ትከሻው ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ተወዳዳሪ ነበር። ጽጋቡ ግርማይን የመሰለ እ.ኤ.አ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ ባለሙያ መሪውን ከኮርቻው በጣም ዝቅ አድርጎ ቢነዳ ያምርበታል፣ ያ ሰውነት በዓመታት ልምምድ የተገራ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ እንደዛ ልጎንበስ ቢል ወገቡና አንገቱ እንዴት ይሸከሙታል?

ወደ መሪው እንምጣ። 44 ለ1.70 ሰው ሰፊ ሊሆን ይችላል ግን የሚወስነው ቁመት ሳይሆን ትከሻ ነው። ወንድምህን ወይ ባለቤትህን ጥራና ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፣ ጣትህን ከአንገትህ ጀምረህ ትከሻህ ላይ ወደ ውጭ ስትነዳው አጥንቱ አልቆ ወደ ክንድ የሚወርድበት ጉብ ያለች ቦታ ታገኛለህ፣ ከዛች ጉብታ እስከ ማዶዋ ጉብታ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካልህ። 40 ሳንቲ ከመጣ 40 መሪ፣ 42 ከመጣ 42፣ መነሻው ይሄ ነው። የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ደግሞ አትመን፣ አንዱ ፋብሪካ ከቱቦው መሃል እስከ ቱቦው መሃል ይለካል ሌላው ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ፣ ልዩነቱ ሁለት ሳንቲ ተኩል ገደማ ይደርሳል፣ ስለዚህ የአንዱ 44 የሌላው 42 ሊሆን ይችላል፣ አንተው በሜትር ለካው። መሪ ከትከሻ ሲሰፋ ክንድ ተዘርግቶ ይገተራል፣ ክርንህ ትንሽ ካልታጠፈ ደግሞ የመንገዱ ንዝረት ማረፊያ ሳያገኝ ቀጥ ብሎ ወደ አንገትህ ይወጣል፣ አንገቴን ይይዘኛል ያልከው ከዚህም ሊመጣ ይችላል።

ከስፋቱ ይልቅ እኔ የማተኩረው ግን ሪች የሚባለው ልክ ላይ ነው፣ መሪው ከቀጥተኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ፊት የሚሄድበት ርቀት ማለት ነው። የድሮ መሪዎች 90 ሚሊሜትርና ከዛም በላይ ይሄዱ ነበር፣ አሁን ኮምፓክት የሚሏቸው ከ70 እስከ 80 ናቸው። ወደታች የሚወርድበት ጥልቀትም እንደዛው ነው፣ ድሮ 140 እና ከዛ በላይ የነበረው ኮምፓክቱ ላይ 125 አካባቢ ነው። ሁለት ሳንቲ በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፣ ክርንህ ታጥፎ በሚነዳና ክንድህ ተወጥሮ በሚነዳ መሃል ያለው ልዩነት ግን እሱ ነው።

ቢሆንም መሪ ከመግዛትህ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፣ እሱም ነጻ ነው። በመሪው ፊት ለፊት ያሉትን አራት ብሎኖች ላላ አድርገህ መሪውን ባለበት ማዞር ትችላለህ። አብዛኛውን ጊዜህን የምትይዘው ጎማ የለበሰውን የፍሬን ራስ ነው፣ ነጂዎች ሁድ የሚሉትን። እሱ ወደታች ካዘቀዘቀ መዳፍህ እየተንሸራተተ ትንሿ ጣትህ በኩል ያለው ግርጌው ይጨፈለቃል፣ ከመጠን በላይ ወደ ሰማይ ከተነሳ ደግሞ አንጓህ ይታጠፋል። አንተ የምትፈልገው ከመሪው ቀጥተኛ ክፍል ወደ ሁዱ ስትሄድ ደረጃም ገደልም የሌለው ለጥ ያለ ነገር ነው፣ ሁዱ ጫፉ ላይ በትንሹ ብቻ ቀና ያለ፣ እጅህን ስታስቀምጥበት ከክርንህ እስከ ሌባ ጣትህ መነሻ አንድ ቀጥ ያለ መስመር የሚሆን። ካስተካከልክ በኋላ አራቱን ብሎኖች በመስቀል ተራ ትንሽ ትንሽ እያልክ አጥብቃቸው፣ ከላይና ከታች ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ስቴሙ ላይ፣ ማለትም መሪውን የፊት ጎማውን ከያዘው ፎርክ ጋር የሚያያይዘው አጭር ክንድ ላይ፣ የማጥበቂያው ልክ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ይሄ ደግሞ በሙሉ ክንድ የሚጠመዘዝ ልክ አይደለም። የሚለካ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ካገኘህ እዛ አስጨርሰው፣ ቁልቁለት ላይ በእጅህ ላይ የሚዞር መሪ ማንም እንዲደርስበት አልፈልግም።

ይሄ ካልበቃ ቀጣዩ ስቴሙ ራሱ ነው። አብዛኛው 6 ዲግሪ ዘንበል ያለ ነው፣ ወደታች ተገጥሞ ከሆነ ገልብጠህ ስትገጥመው የ100 ሚሊሜትር ስቴም መሪውን ሁለት ሳንቲ ገደማ ከፍ ያደርግልሃል፣ ምንም ሳትገዛ። ስትመልሰው መጀመሪያ ከላይ ያለውን ብሎን ፎርኩ መነቃነቅ እስኪያቆም ብቻ ታጠብቃለህ፣ የጎኖቹን ሁለት ብሎኖች ቀጥለህ፣ ቅደም ተከተሉ እንዳይምታታብህ። 110 ወይ 120 ተጽፎበት ካየህ ደግሞ በ90 መለወጥ ከመሪ በጣም የረከሰ ነው።

የቀጥተኛውን መሪ ሀሳብ ጓደኛህ በቅንነት ነው የሰጠህ፣ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው መጥፎ ሀሳብም አይደለም። አንተ ግን ረጅም መንገድ ነው የምትነዳው። ቀጥ ያለ መሪ የእጅ አያያዝህን አንድ ብቻ ያደርግብሃል፣ ቆልማማው ላይ ግን ከላይ፣ ሁዱ ላይ፣ ከታች እየቀያየርክ ትይዛለህ፣ ለደነዘዘ እጅ መድኃኒቱ ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው ቦታ መቀየር ነው። ወጪውም እንደሚመስለው አይደለም። መሪው ስቴሙ ላይ ሊገባ ይችላል፣ የዘመኑ ብዙዎቹ 31.8 ሚሊሜትር ስለሆኑ፣ የፍሬን እጀታና ማርሽ መቀየሪያው ግን አይገባም፣ የቆልማማ መሪ ቱቦ እጀታው የሚታሰርበት ጋ 23.8 ሲሆን የቀጥተኛው 22.2 ነው። ስለዚህ ፍሬን እጀታ ትገዛለህ፣ ማርሽ መቀየሪያ ትገዛለህ፣ ካቦ በሙሉ ይቀየራል፣ ከዛም በላይ ለማውንቴኑ ቪ ፍሬን የተሰራ እጀታ የሚስበው የካቦ ርዝመት የኮርስ ፍሬን ከሚፈልገው ይለያል፣ ሳታውቅ ቀላቅለህ ከገጠምክ ፍሬኑ የምትጠብቀውን ያህል አይዝልህም። ከእንጦጦ ስትወርድ ይሄ እንዲገጥምህ አትፈልግም።

እንጦጦን ካነሳን አይቀር፣ ቁልቁለቱን ሁድ ላይ ይዘህ በሁለት ጣት ፍሬን እየጨመቅክ የምትወርድ ከሆነ እጅህ የሚዝለው እዛ ነው። ከታች ባለው የመሪው ቀንድ፣ በተቆለመመው ክፍል፣ ስትይዝ የፍሬን እጀታውን የምትስበው ከጫፉ አካባቢ ስለሆነ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይይዝልሃል። ብዙ ሰው ታች መያዝ የሚፈራው መሪው ጥልቅ ስለሆነበት ነው፣ ኮምፓክት መሪ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ካርቦኑን በተመለከተ፣ ጥሩ ካርቦን መሪ ትንሽ ንዝረት ይውጣል እውነት ነው፣ ልኩ ያልሆነ ካርቦን መሪ ግን ልኩ ከሆነ አልሙኒየም መሪ አይሻልም። ንዝረት ለመቀነስ ከፈለግክ ጎማህን እይ። 23 ሚሊሜትር ጎማ በ120 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ነፍተህ በኛ መንገድ ከነዳህ እጅህ ላይ የሚደርሰው ዱላ ነው፣ ፍሬምህና ፍሬንህ የሚያስገቡ ከሆነ 28 ግጠምና ለአንድ 70 ኪሎ ለሚሆን ሰው 80 አካባቢ ንፋው። አምስቱን ወር በከንቱ እንደተሰቃየህ የሚሰማህ ያኔ ነው። ይሄን ሁሉ አድርገህ ካልተሻለህ፣ በትከሻህ ልክ የሆነ፣ ሪቹ 75 የማያልፍ ተራ አልሙኒየም መሪ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ላክበት፣ ሻንጣ ውስጥ ችግር የለውም ይገባል። የተጠቀሙበት ካርቦን መሪ ግን በርካሽ ቢሰጡህም አትውሰድ፣ ወድቆ እንደሆነ ከውጭ አይታይም።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምጽፍልህ። 29 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 1.57። ቅዳሜ ቅዳሜ ሮክ ክሪክ ፓርክ ቢች ድራይቭ ላይ ነው የምነዳው። ጣቶቼ ፍሬኑ ጋ በደንብ አይደርሱም፣ ለመያዝ እጄን ማንሸራተት አለብኝ፣ ከትከሻዎቼ መሃል ደግሞ እንደ እሳት ያቃጥለኛል። መሪው 42 ነው። ሳይክሉን የሸጠልኝ ሰው ሰፊ መሪ ይመቻል ነው ያለኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ጠባብ ነው የሚጠቀሙት ይላሉ። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህቴ ትከሻሽን እመኚ። ለ1.57 ሴት 42 በጣም ነው የሚሰፋው ብዬ ነው የማስበው፣ ለኪውና 36 ወይ 38 ብታገኚ አይገርመኝም። በትከሻዎችሽ መሃል የሚያቃጥልሽ ክንዶችሽን ወደ ውጭ ከፍተሽ ሰዓቱን ሙሉ ያንን ጡንቻ ወጥረሽ ስለምትይዢው ሊሆን ይችላል።

ተወዳዳሪዎቹ ጠባብ የሚመርጡት ለምቾት ሳይሆን ለንፋስ ነው፣ አንዳንዶቹ ነገሩን ከመጠን በላይ ስለወሰዱት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማህበር ዩሲአይ እ.ኤ.አ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጎዳና ውድድር ላይ ከውጭ እስከ ውጭ ከ400 ሚሊሜትር የጠበበ መሪ እንዳይፈቀድ አድርጓል። ይሄ ሲወራ ቅሬታ ካሰሙት ውስጥ አጠር ያሉ ሴት ተወዳዳሪዎች ነበሩበት፣ እውነታቸውን ነው፣ ለአንቺ አይነት ሰው ጠባብ መሪ ትርፍ ፍጥነት ሳይሆን የሰውነትሽ ልክ ነው። አንቺ ደግሞ ውድድር ስለማትገቢ ህጉ አይመለከትሽም፣ 36 ከሆንሽ 36 ግዢ።

ከዚያ በፊት ግን የፍሬኑ ነገር ዛሬውኑ የሚስተካከል ነው፣ በጣም ያሳሰበኝም እሱ ነው። አብዛኞቹ የዘመኑ የኮርስ ፍሬን እጀታዎች ወደ መሪው የምታቀርቢበት ትንሽ ብሎን አላቸው፣ አንዳንዱ ላይ ከሁዱ ጎማ ስር ተደብቆ ነው ያለው፣ ጎማውን ከጠርዙ ገለጥ ስታደርጊው ታገኚዋለሽ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከእጀታው ራስ ላይ ነው። ሩብ ሩብ ዙር እያዞርሽ አቅርቢው፣ የሌባ ጣትሽ የመጀመሪያው መገጣጠሚያ እጀታው ላይ ማረፍ እስኪችል ድረስ። ስትጨርሺ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ጨምቀሽ እጀታው መሪውን አለመንካቱን እይ፣ ከነካ ካቦው መወጠር አለበት። ሱቅ ወስደሽም በአስር ደቂቃ የሚያልቅ ስራ ነው፣ ይሄ ሳይስተካከል ግን ሰው የበዛበት መንገድ ላይ እንዳትወጪ እባክሽ።

አዲስ መሪ ስትገዢ ሪቹ 70 አካባቢ ጥልቀቱ ከ120 የማይበልጥ ፈልጊ፣ ለትንሽ እጅ ተብለው የተሰሩ አሉ። መሪ ብቻ ቀይረሽ ስቴሙ 100 ሆኖ ከቀረ ግን ግማሹን ነው ያስተካከልሽው፣ ሁለቱን አብረሽ እያሰብሽ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው ባህር ዳር ነው፣ ዕድሜዬ 61 ነው። በወጣትነቴ ከአስመራ ያመጣሁት የጣሊያን ኮርስ ሳይክል እስካሁን አለኝ፣ ብረት ነው፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው። አሁን ግን ጎንበስ ማለት ወገቤን አስቸግሮኛል፣ መሪውን ከፍ ማድረግ ይቻላል ወይስ አዲስ መሪ ልፈልግለት? ልጄ ከአሜሪካ እልክልሃለሁ ብሎኛል።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ሳይክሉን እንኳን አልሸጡት። የእርስዎ አይነት ሳይክል ከዘመኑ በአንድ ነገር ይሻላል፣ መሪውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፣ ስቴሙ ፎርኩ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ስለሆነ። ከላይ ያለውን ረጅሙን ብሎን ሁለት ሦስት ዙር ያላሉት፣ ሙሉ በሙሉ አያውጡት። ከዛ ብሎኑ ራስ ላይ እንጨት አስቀምጠው በመዶሻ ቀስ ብለው ይምቱት፣ ውስጥ ያለው ሽብልቅ ይለቃል፣ ስቴሙም ይንቀሳቀሳል። ለብዙ ዓመት ካልተነካ ዝጎ ሊጣበቅ ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ በጉልበት አይታገሉት፣ ዘይት ከላይ አንጠባጥበው ይደሩና በማግስቱ ይሞክሩ። ሲያወጡት ዘንጉ ላይ የተቀረጸ መስመር ያያሉ፣ ያ መስመር ከፎርኩ ውጭ ፈጽሞ መታየት የለበትም፣ ከሱ በላይ ከተነሳ በቂ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሊሰበር ወይ ሊነቀል ይችላል። ዘንጉን ግራሶ ቀብተው ይመልሱት፣ የፍሬን ካቦዎቹ እንዳይወጠሩ ደግሞ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረው ይዩ።

በዚህ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ካገኙ ምናልባት ሌላ ምንም አያስፈልግዎትም። ልጅዎ መሪ ይላክ ከተባለ ግን ከመግዛቱ በፊት መሪው ስቴሙ የሚጨብጠው ቦታ ላይ ውፍረቱ በካሊፐር ይለካ። የዛ ዘመን የጣሊያን ኮርስ መሪ ብዙ ጊዜ 26 ሚሊሜትር ነው፣ 26.4 የሆኑም አሉ፣ 25.4 የሆኑም አሉ፣ አሁን ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ በብዛት 31.8 ነው፣ አይገባም። በግማሽ ሚሊሜትር የተለየውን አንዳንድ ሰው ቆርቆሮ ጠቅልሎ ያጠብቀዋል፣ እርስዎ ይሄን እንዳያደርጉ፣ ማንም ቢመክርዎት። የዘመኑን ስቴም ለመግጠም የሚያስችል መሸጋገሪያ ዘንግ አለ፣ የፎርክዎ ውስጥ ስፋት 22.2 ከሆነ አብዛኛው ይገባል፣ ልጅዎ ያንን ከአጭር ስቴምና ከኮምፓክት መሪ ጋር አብሮ ቢልክልዎት ወገብዎ ያመሰግነዋል፣ ሳይክሉ ግን የድሮ መልኩን ትንሽ ያጣል፣ እሱን እርስዎ ይመዝኑ።

አንድ ነገር ብቻ ሳላሳስብዎ አላልፍም። አሁን ያለውን መሪ የሚያቆዩት ከሆነ ላዩ ላይ የተጠመጠመውን ቴፕ ፈተው ይመልከቱት። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የእርስዎን የሚመስል ሳይክል እጄ ገብቶ ቴፑን ስፈታ ነጭ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ተራገፈ፣ የዓመታት ላብ አልሙኒየሙን በልቶት። በጨርቅ ጠርጌ ወደ መብራት አስጠግቼ ሳየው ስቴሙ ከሚጨብጠው ቦታ ጠርዝ ላይ ጸጉር የምታክል መስመር ነበረች፣ ጥፍሬን ሳስኬድባት ያዘችኝ። ባለቤቱ ያን ዕለት ጠዋት ነድቶት ነው የመጣው። ነጭ ዱቄቱ ብቻ ከሆነ ይጠረጋል፣ ጥፍር የሚይዝ መስመር ካዩ ግን ያ መሪ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ አይነዳ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ዱባይ ነው የምሰራው፣ አርብ አርብ አል ቁድራ እነዳለሁ። መሪዬ ልኬ ነው፣ አስለክቼ ነው የገዛሁት፣ ግን በሙቀቱ ቴፑ በላብ እየተንሸራተተ መዳፌን ያቃጥለኛል። ቴፕ ላይ ቴፕ ብደርብ ችግር አለው?

መልስ፦ ችግር የለውም፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ግን አሮጌው ላይ እንዳትደርብ፣ አሮጌውን አውጥተህ መሪውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ከላይ ለጋሼ የነገርኳቸውን ነጭ ዱቄት ፈልግ፣ በዛ ሙቀት የምታልበው ላብ ቀላል አይደለም፣ በዓመት አንዴ መፈታት አለበት። መሪው ሲወፍር ለመጨበጥ የሚበቃ እጅ ካለህ ከስር ቀጭን ከላይ ወፈር ያለ፣ ትንሽ እጅ ካለህ ደግሞ አንድ 3 ሚሊሜትር ቴፕና መዳፍህ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ጄል ቁራጭ ከስር። ከታች ከቀንዱ ጫፍ ጀምረህ ወደ ላይ ጠምጥመው፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን አንድ ሦስተኛ እየሸፈነ፣ ወጠር አድርገህ፣ ከታች ስትይዝ መዳፍህ በሚጠመዘዝበት አቅጣጫ፣ ያኔ በላብም ሆነ ያለ ላብ እጅህ ራሱ እያጠበቀው ይሄዳል።